የሻርሼን አታ አምስት ቀን

ሳይራጉል ከወለደች ሠላሳ አምስተኛ ቀኗን ይዛለች፤ የቤቷ ማሞቂያ ግን ገና እንደ እባብ ሆድ ቀዝቃዛ ነው።

የተከራየቻቸው ሁለት ክፍሎች ካራኮል ከተማ ዳር፣ የፖም ዛፍ በበዛበት ሰፈር ያለ የአንድ አሮጌ ቤት ግማሽ ናቸው። ሌላው ግማሽ የአከራይዋ የአዛውንቱ የሻርሼን አታ ነው፤ አታ በአገሩ ቋንቋ አባባ ማለት ነው። ለሁለቱም ወገን ውሃ የሚያሞቀው ቦይለር በእሳቸው በኩል ነው፤ የድንጋይ ከሰሉ በእሳቸው ጓዳ ነው፤ የጓዳው ቁልፍ በእሳቸው አንገት ላይ ነው። ከቦይለሩ የሚነሳው ቱቦ ግድግዳውን በስቶ ወደ ሳይራጉል ይገባል፣ ሁለቱን ክፍሎች ይዞራል፣ ተመልሶ ወደ እሳቸው ይሄዳል። እሳቸው ካላነደዱ የሚያነድ የለም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እንዳታስገባ ደግሞ ገና ስትገባ አስምለዋታል፤ ሽቦው ያረጀ ነው፣ ከእሷ በፊት የነበረው ተከራይ አንድ ቀን ሰክቶ ሰፈሩን በሙሉ ጨለማ ውስጥ አስቀምጦታል።

ብርዱ ብቻ ቢሆን ትችለው ነበር። ያልቻለችው የአማቷን ስልክ ነው። ቡርማካን አፓ፣ እማማ ቡርማካን እንደ ማለት ነው፣ ከተራራው መንደራቸው ከአትባሺ ደውለው፣ የልጅቱ አርባ ቀን እሁድ ስለሚሞላ እንደሚመጡ፣ ቤቱ ሞቆ ካላገኙት ግን ልጅቱንም እናቲቱንም ይዘው ወደ አትባሺ እንደሚወጡና በረዶው ሲቀልጥ እንደሚመልሷቸው ነገሯት። ሲናገሩ እንደ መዛት አልነበረም፤ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት የሚያሳውቁ ይመስሉ ነበር።

ሳይራጉል አትባሺ ላይ አንድ የበረዶ ወራት ከርማለች። ስድስት ወር ሙሉ በር ላይ በረዶ፣ ውስጥ አማት። አማቷ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ዝም ስለሚሉ ነው። ሳይራጉል ደግሞ ነገር ካልጠየቀች እህል የማይወርድላት ሴት ናት። ገና ልጃገረድ ሳለች አስተማሪዋ፣ ይቺ ልጅ መቃብር ላይ ቆማ ሟቹን ምን ገደለህ ትለዋለች ብሎ ነበር።

ባሏ ታላይ በጭነት መኪና ፖም ጭኖ ድንበር ተሻግሯል። ቅዳሜ ማታ ነው የሚመለሰው። በስልክ ስታማክረው፣ ሻርሼን አታን አንቺው ጠይቂያቸው አላት። «እኔ ስናገራቸው ይባስ አየሩ ሞቋል ይሉኛል።»

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሊጥ ጠብሳ በሳህን ይዛ፣ ልጅቱን ደረቷ ላይ ጠቅልላ፣ ሻሿን አስተካክላ ሄደች። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ሻይ ሳይጠጣም ጉዳይ አይነሳም። ሻርሼን አታ በስስ ሸሚዝ፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ነጭ የሱፍ ቆባቸውን እንዳደረጉ ተቀበሏት። የመጀመሪያውን ስኒ በግማሽ ቀዱላት። ጥሩ ምልክት ነው፤ በግማሽ የሚቀዳለት ሰው እንዲቆይ የተፈለገ ነው። ሁለተኛውም በግማሽ ነበር። ያን ጊዜ ስለ ማሞቂያው አነሳች። ሻርሼን አታ ተነስተው ከመስኮቱ ደፍ ላይ ደብተር አመጡ።

ሻርሼን አታ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሠላሳ አንዱን ዓመት የትምህርት ቤትና የክሊኒክ ቦይለር ቤት ኃላፊ ሆነው ነው የኖሩት። በዚያ ዘመን አንድ ደንብ ነበር፤ የቀኑ አማካይ ሙቀት አምስት ቀን በተከታታይ ከስምንት ዲግሪ በታች ካልወረደ እሳት አይለኮስም። ደንቡን ያወጣው መንግሥት ከፈረሰ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ትምህርት ቤቱም ቦይለሩን ነቅሎ ለብረት ለቃሚ ሰጥቶታል፤ ደንቡ ግን ጡረታ ወጥቶ ሻርሼን አታ ዘንድ ይኖራል። ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ቀትር ሰባት ሰዓት፣ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩን ያያሉ፣ ይጽፋሉ፣ ይደምራሉ፣ ያካፍላሉ። ቴርሞሜትሩ የተሰቀለው ደንቡ እንደሚያዘው ፀሐይ በማያየው በሰሜኑ ግድግዳ ላይ ነው። ደብተሩ ላይ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ዘጠኝ፣ ዘጠኝ ተኩል፣ አሥር፣ ዘጠኝ ይላል። አንድም ስምንት የለም።

«አታ፣ ዛሬ ጠዋት የውሻው ውሃ በረዶ ሆኖ ነበር» አለች ሳይራጉል።

«ውሻ ደንቡ ውስጥ የለም፣ ልጄ።»

ሦስተኛውን ስኒ እስከ አፉ ሞልተው ቀዱላት። ሞልቶ የተቀዳለት ሰው ጠጥቶ ይሄዳል። ጠጥታ ሄደች።

ሌላ ሴት ብትሆን ተናዳ ታለቅስ ነበር። ሳይራጉል ግን ግቢው መሃል ላይ ቆማ ቀረች። ሽማግሌው አይዋሹም። ሄዳ ቴርሞሜትሩን በዓይኗ አየችው፤ ዘጠኝ ይላል። የውሻውን ሳህን በጫማዋ ጫፍ ነካችው፤ ጠርዙ ላይ ያለው በረዶ ከጠዋት ጀምሮ አልሟሟም። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ግን አይችሉም። ደግሞስ ምድጃ ባልነደደበት ቤት ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው በሸሚዝ እጅጌውን ሰብስቦ የሚቀመጠው እንዴት ነው? እቤቷ ገብታ የራሷን ቴርሞሜትር ፈለገች። ያላት የትኩሳቱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚጀምረው ከሠላሳ አምስት ስለሆነ ስለ ክፍሉ ምንም የሚለው ነገር አልነበረውም።

ረቡዕና ሐሙስ እራፊ ስትለቅም ዋለች። የአርባ ቀን ልጅ በአርባ ማንኪያ ውሃ ታጥቦ ከአርባ ቤት በተለቀመ እራፊ የተሰፋ ሸሚዝ ይለብሳል፤ ሳይራጉል ገና አሥራ አንድ ቤት ቀርቷት ነበር። በየቤቱ መዳፍ የምታህል ጨርቅ ትቀበላለች፣ ትመርቃለች፣ ትመረቃለች፣ ከዚያ ስለ ሻርሼን አታ ትጠይቃለች። ሁሉም እራፊ ሲሰጧት አንድ አንድ ግምት ጨምረው ሰጧት። አንደኛዋ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እሳት ይፈራሉ አለቻት። ሌላዋ የለም፣ ከሰሉን ለልጅ ልጃቸው ሠርግ እያስቀመጡት ነው አለች፤ በከሰል ማን እንደሚዳር ስትጠየቅ ግን አላወቀችም። አንድ ጡረታ የወጣ የእንስሳት ሐኪም ደማቸው ወፍራም ነው ብሎ ደመደመ። በጎችም እንደዚያ ናቸው አለ፤ ብርድ ከማይሰማው በግ ጋር ያሳለፈውን አንድ ሌሊት በሰፊው ተረከላት።

የሐሙስ የመጨረሻው ቤት የሪዝዋንጉል ነበር። ሪዝዋንጉል ከሻርሼን አታ ቤት ጀርባ ዳቦ ጋግራ የምትሸጥ፣ ሦስት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ የኡይጉር ሴት ናት። ያረጀ ሽርጧን አውጥታ፣ አበባው የቱ ጋ ቢቆረጥ እንደሚያምር እያማረጠች መቀሱን ስታንቀሳቅስ፣ ሳይራጉል ደክሟት ጀርባዋን ግድግዳ ላይ አስደገፈች። ከእሷ ቀድሞ ያወቀው ጀርባዋ ነው። ግድግዳው እንደ ላም ጎን ይሞቃል።

ዞር ብላ በመዳፏ ነካችው። የሸክላ ምድጃው ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ነው የተሠራው።

«ሪዝዋን ኤጄ፣ ይሄ ምድጃ ድሮም እዚህ ነበር?» አለቻት፣ እንደ ታላቅ እህት ጠርታ።

በሰኔ ነው ያሠራሁት አለች ሪዝዋንጉል። አሮጌው ተሰንጥቆባት፣ ሻርሼን አታን አስፈቅዳ፣ በእሳቸው ግድግዳ ላይ አስደግፋ አሠራችው። ውለታውን የምትመልሰው በየቀኑ የመጀመሪያዋን ዳቦ ለእሳቸው በመላክ ነው። እሳቱ ሰማዩ ሳይቀላ ይለኮሳል፣ ከቀትር በኋላ ይጠፋል፤ ግንቡ ግን እስኪነጋ ሙቀቱን አይለቅም። ሳይራጉል ከግድግዳው ወዲያ ያለው የትኛው ክፍላቸው እንደሆነ ጠየቀች።

«የሚተኙበት ነዋ። አልጋቸው እዚህ ትይዩ ነው። ሲያንኮራፉ ሊጤ ይነፋል።»

ሳይራጉል ወጥታ ግድግዳውን በዓይኗ ተከተለችው። የዳቦ ቤቱ ጣሪያ ካለቀበት አንድ ክንድ ያህል አልፎ ወደ ግቢው ይወጣል፤ የወጣው ጫፍ ላይ ቴርሞሜትሩ ተሰቅሏል። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘላት። ሠላሳ አንድ ዓመት አየር የለኩ ሰው፣ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የሚለኩት ዳቦ ነው። ማታም ዳቦው ላይ ተደግፈው ስለሚያድሩ፣ ብርድ ነው የሚላቸው ሰው ሁሉ የሚቀብጥ ይመስላቸዋል።

ተመልሳ ስትገባ ሪዝዋንጉልም ከፊቷ አነበበችው። መቀሱን አስቀመጠች። እንዳትነግሪያቸው አለቻት፤ ደንባቸውን ያበላሸው ምድጃዬ መሆኑን ካወቁ ነገውኑ ያስፈርሱኛል፣ ብርድ ሲገባ ደግሞ ጭቃ አይደርቅም፣ እስከ ጸደይ ሌላ አልሠራም። «ልጅሽን ለማሞቅ ልጆቼን አታስርቢብኝ» አለች። ቀልድ ለማስመሰል ሞከረች፤ አልሆነላትም።

ደግሞስ ማን ይናገራል? ሳይራጉል በሻርሼን አታ ፊት ሻሿን ሳታጠብቅ የማታልፍ የሃያ አራት ዓመት ሴት ናት። የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ተሳስተዋል አይባልም፤ መስማታቸውም እርግጥ አይደለም። ያን ምሽት እራፊዎቹን ስትሰፋ አመሸች። ጣቷ በብርድ ደንዝዞ መርፌው ሲወጋት እንኳ ዘግይቶ ነበር የሚታወቃት።

ዓርብ ጠዋት እንደገና ሳህን ይዛ ሻርሼን አታ ዘንድ ገባች። ስለ ማሞቂያ አንድ ቃል አላነሳችም። ሠላሳ ዘጠኝ እራፊ ሰብስባ አርባኛው እንደጎደላት፣ አርባኛው ደግሞ ዕድሜ ከጠገበ ሰው ቢሆን ለልጅቱ እንደሚበጃት ተናገረች። ይህ ውሸት አልነበረም፤ የእሳቸውን እራፊ ሆን ብላ ለመጨረሻ አስቀርታዋለች። ሻርሼን አታ ደስ እንዳላቸው ላለማሳየት ሣጥኑ ውስጥ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ የቦይለር ቤት ካፖርታቸውን አወጡ። ሰማያዊ ነው፣ ክርኑ ላይ ተቃጥሏል። ከውስጥ በኩል ከኪሱ ሥር ቆረጡላት።

ጨርቁን እያየች ጠየቀቻቸው። ይህን ጥያቄ ያሰበችበት ለዘዴ ነው፤ አፏን ስትከፍት ግን መልሱን በእውነት ለማወቅ ጓጓች። በእሳቸው ጊዜ፣ ከሁሉ በፊት ማሞቂያ የሚበራው ለማን ነበር?

ሻርሼን አታ የሁለተኛውን ስኒ ግማሽ ረስተው ማንቆርቆሪያውን በአየር ላይ እንደያዙ ማውራት ጀመሩ። ለማዋለጃና ለሕፃናት ማቆያ አሉ። እነሱ አምስት ቀን አይጠብቁም። ጥያቄ በመጣበት ቀን ይነድዳል። የሕፃናት ማቆያ ክፍል ሃያ ሁለት ዲግሪ መሆን አለበት፣ ሃያ አንድ ከሆነ ኃላፊው ደብዳቤ ይጻፍበታል። እሳቸው ላይ በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ደብዳቤ ተጽፎ አያውቅም።

«አታ፣ የሕፃናት ማቆያ ለመባል ስንት ልጅ ያስፈልጋል?»

ማንቆርቆሪያው ወረደ። ሻርሼን አታ ግድግዳውን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ ደረቷ ላይ የተኛችውን ልጅ አዩ። ደንቡን ከላይ እስከ ታች በጭንቅላታቸው ሲያገላብጡት ይታወቅ ነበር።

«ቁጥር አልተጻፈም» አሉ በመጨረሻ፣ እራሳቸውም እየገረማቸው።

ከዚያ በኋላ ግን እንዲሁ አይለኮስም። ሦስት ሰው ያለበት ኮሚቴ ክፍሉን ሄዶ ያያል፣ ሙቀቱን ይለካል፣ ቃለ ጉባኤ ይፈርማል። ሻርሼን አታ ሊቀመንበር ሆኑ። ሳይራጉል ጸሐፊ ሆነች። ሦስተኛ አባል ሲፈለግ ሪዝዋንጉል በአጥር ላይ ተጠራች፤ እጇ በዱቄት እንደተለወሰ፣ ምድጃዋን ሊያስፈርሱ የጠሯት መስሏት ፊቷ ከዱቄቱ ነጥቶ መጣች። መለኪያው ደግሞ ሕጋዊው መሆን ስላለበት፣ ሻርሼን አታ ቴርሞሜትሩን በገዛ እጃቸው ከግድግዳው አወረዱት።

ሳይራጉል የፈለገችው ይህንን፣ ቴርሞሜትሩ ከሞቀው ግድግዳ መውረዱን ነበር። ከዚህ በኋላ ያለውን አላቀደችውም፤ ምን እንደሚሆን ለማየት ብቻ ነው የቆመችው።

ግቢው መሃል ሲደርሱ የሚጽፍ እስክሪብቶ ጠፋ። የሳይራጉል ቀለሙ አልቋል፤ ሪዝዋንጉል የልጆቿን ልታመጣ ሄደች። ሻርሼን አታ ቴርሞሜትሩን በክሩ አንጠልጥለው፣ ቃለ ጉባኤው እንዴት እንደሚጀመር ለሳይራጉል በቃል እያስጠኗት ቆዩ። ቀን፣ ቦታ፣ የተገኙ አባላት። «የአየሩ ሁኔታ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ዓይናቸውን ወደ ቴርሞሜትሩ ጣል አደረጉ።

በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት። አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። ወደ ግድግዳው ተመልሰው ሄደው ምስማሩ ላይ ሰቅለው ጠበቁ። እንደገና አውርደው ወደ ውሻው ቤት ሄደው ጠበቁ። ውሻው ራሱን አቅንቶ ይከታተላቸው ጀመር። ግድግዳው ጋ ዘጠኝ፣ ውሻው ጋ ሁለት። ሳይራጉል የልጅቱን ቆብ ታስተካክላለች፤ ቆቡ እንዲህ ያለ ትኩረት አግኝቶ አያውቅም። ሪዝዋንጉል እስክሪብቶ ይዛ በሩ ላይ ደርሳ፣ ያየችውን አይታ፣ እዚያው ቀረች።

ሻርሼን አታ ወደ ግድግዳው ሄደው መዳፋቸውን አሳረፉበት። ሳይራጉል ይህን በኋላ ደጋግማ አስባበታለች፤ እጃቸው ወዲያ ወዲህ አልፈለገም። አንድ ጊዜ ዘርግተው በጣም የሚሞቀው ቦታ ላይ ነው ያሳረፉት። ከዚያ ወደ ሪዝዋንጉል ዞሩ።

«ሪዝዋን፣ ዛሬ ዳቦው ደህና በሰለ?»

«በሰለ፣ አታ» አለች፤ እስክሪብቶውን እያቀበለቻቸው።

«ጥሩ። እንቀጥል።»

ክፍሉ ውስጥ ሰባት ዲግሪ ሆኖ ተገኘ። ሻርሼን አታ ኮስተር ብለው፣ የመስኮቱን ክፈፍ ነካክተው፣ ልጅቱን ለመመዝገብ ስሟን ጠየቁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ክፍሉ የሕፃናት ማቆያ መሆኑ መረጋገጡ ተጻፈ፤ የሕፃናት ብዛት አንድ። ስለ ግድግዳው የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሪዝዋንጉል ስትፈርም ወረቀቱ ላይ የዱቄት ጣት ታተመ፤ ሊቀመንበሩ አይተው እንደ ማኅተም ቆጥረው አለፉት። ቴርሞሜትሩን ግን ወደ ምስማሩ አልመለሱትም። ኪሳቸው ውስጥ ከተው ሄዱ።

ሳይራጉል በር ላይ ቆማ ከኋላቸው አየቻቸው። አያውቁም ነበር? ወይስ ያውቁ ነበር፣ ሙቁን ግድግዳ ከነትኩስ ዳቦው ላለማጣት ሲሉ ነው ደንቡን ፊት ለፊት አቁመው የከረሙት? መጠየቅ አማራት። ከንፈሯ ድረስ መጣ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጥያቄ መልሳ ዋጠች።

ከሰዓት በኋላ ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ወጣ። ቱቦው መጀመሪያ አንኳኳ፣ ከዚያ አጉረመረመ፣ ማታ ላይ እጅ አያስነካም ነበር።

ቡርማካን አፓ እሁድ ጠዋት ደረሱ። ታላይ ሌሊቱን ገብቶ ስለነበር ከአውቶቡስ ያወረዳቸው እሱ ነው፤ ሻንጣቸውን ሁለት ጊዜ እያሳረፈ ነበር የተሸከመው። እናቱን ግማሽ በግ ይዘው እንደሆነ ጠየቃቸው፤ እሳቸው ቀድመውት ወደ ቤቱ ሄዱ። ገብተው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ መሃል ክፍሉ ላይ ቆሙ። ከዚያ ካፖርቱን አወለቁ። ቀጥሎ ሹራቡን አወለቁ። ከሥሩ ሌላ ሹራብ ነበር፤ እሱንም አወለቁ።

የሰፈሩ ሴቶች መጡ፤ ሪዝዋንጉልም ትኩስ ዳቦ ታቅፋ ገባች። ልጅቱን ሳፋ ውስጥ አስቀመጧት። ሳይራጉል እስከዚያ ቀን ድረስ ያጠበቻት በብርዱ ምክንያት ከብርድ ልብስ ሥር አንድ እጅ አንድ እግር እያወጣች ነበር፤ ሙሉዋን በአንድ ጊዜ ያየቻት አሁን ነው። ጀርባዋ ላይ ምስር የምታህል ምልክት አለ። የግራ እግሯ ትንሿ ጣት ከሌሎቹ ተነጥላ ወደ ላይ ታያለች። ሳይራጉል ሴቶቹ ማንኪያ እየተቀባበሉ ሲቆጥሩ ቁጥሩን ረስታ ይህችን ጣት ከማን እንዳመጣቻት ስትመረምር ነበር። ሃያ ስድስተኛው ማንኪያ ላይ ልጅቱ ሳፋው ውስጥ ሸናች። ውሃው በዛ ብለው አሮጊቶቹ ከልባቸው ሳቁ። አርባው ሲሞላ ሸሚዙን አለበሷት፤ ሰማያዊው እራፊ አንገቷ ሥር ዋለ።

እንግዶቹ ወጥተው ሲያልቁ ሳይራጉል ፍርዷን ለመስማት ሻሿን አጥብቃ ቆመች። ቡርማካን አፓ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ቱቦውን በመዳፋቸው እያሻሹ ነበር።

«ትቆያላችሁ» አሉ። «እንዲህ ከሆነማ ምን ልታደርጉ ትወጣላችሁ?»

ሳይራጉል ሻሿን ላላ አደረገች። አማቷ ግን እጃቸውን ከቱቦው አላነሱም። አትባሺ ዘንድሮ በረዶው ቶሎ ነው የገባው አሉ። ትንሹ ልጃቸው ሞስኮ ከሄደ ወዲህ ምድጃውን ለአንድ ሰው ማንደድ ሞኝነት መስሏቸው እሳቸውም የሚያነዱት አንዳንድ ቀን ብቻ እንደሆነ፣ ሌላውን ቀን በሁለት ሹራብ እንደሚያሳልፉት፣ ተራራውን በመስኮት ብቻቸውን እያዩ እንደሚውሉ፣ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገሩ። ሳይራጉል ይህን ያህል ሲያወሩ ሰምታቸው አታውቅም።

«ለምን አልነገሩንም፣ አፓ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሳይራጉል በሩ ሥር ወደ ተቀመጠው ሻንጣ ዞረች። ሁለት ቀን ሙሉ ሽማግሌው ለምን አይበርዳቸውም ስትል ሰፈሩን ስትዞር፣ ለአንድ ቀን የሚመጡት አማቷ በዚያ ስልክ ላይ ምን እየጠየቁ እንደነበር ለማወቅ አንዴም አላሰበችም። ሻንጣውን ጎትታ አስገባችው። ከፈተችው። ከላይ፣ ሌላው ነገር እንዳይጨፈልቀው ተብሎ በጨርቅ የተጠቀለለ የራሳቸው ትራስ ነበር።

አውጥታ ቱቦው በሚያልፍበት በኩል፣ በረዶው እስኪቀልጥ የሚያድሩበት ቦታ ላይ አስቀመጠችላቸው።